ሁለት ግራ እጅጌ

በሥራ ቤታችን ውስጥ እኔን በስሜ የሚጠራኝ የለም። "ሬዲዮ" ነው የሚሉኝ። አፏ አያርፍም ለማለት ነው፤ ይበሉ፣ አይከፋኝም። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እጄ ሲሰፋ አፌም አብሮ ይሰፋል፣ አንዱን ካቆምኩ ሌላውም ይቆማል። ይህን የምነግራችሁ፣ ቀጥሎ የማወራውን ነገር ስንት ጊዜ ለማንም ሳልተነፍስ እንደያዝኩት ስትሰሙ ምን ያህል እንደከበደኝ እንድታውቁልኝ ነው። ሬዲዮ ምስጢር ሲይዝ ምን እንደሚሆን ጨጓራዬን ጠይቁት።

የምንሰፋው ካፖርት ነው። ቤቱ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፤ መስኮቶቹ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ብርሃን እንጂ መንገድ አያሳዩም። በአንደኛው ግድግዳ በኩል የእኛ የሰፊዎቹ መኪኖች ተደርድረዋል። መሀል ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ አለ፣ ረጅም ሰው ቢተኛበት እግሩ የማይወጣ። ወዲያ ጥግ ካውያ ተኳሹ እንፋሎቱ ውስጥ ሲጠፋና ሲወጣ ይውላል። ከእሱ አጠገብ ጥቅል ጨርቆቹ የሚቆሙበት ማከማቻ ክፍል አለ። እኛ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ልብሳችንን ቀይረን ሽርጣችንን የምንታጠቀውም እዚያው ስለነበር፣ በሩ ከውስጥ በኩል መቀርቀሪያ ነበረው። ስለዚያ መቀርቀሪያ ገና አወራለሁ።

ጠረጴዛው የእታለም ነበር። እታለም ስሟ አይደለም፤ እሷ ሁላችንንም "እታለም" እያለች ስለምትጠራን እኛም መልሰን በገዛ ቃሏ ጠራናት፣ በዚያው ቀረ። የቆራጭ መቀስ የቆራጩ የግሉ ነው። ሌላ ሰው አይነካውም፣ ማታም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከባለቤቱ ጋር ቤት ይገባል። የእታለም መቀስ ከባድ ነበር፣ እጀታው በጣቶቿ ልክ የተበላ። ስትቆርጥ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ረጅም ድምፅ ያወጣል፤ ክርርርርት ይላል፣ ሳይቸኩል። እኛም በዚያ ድምፅ ነበር የምንሠራው፣ ልብ አላልነውም እንጂ።

ጋሼ፣ የቤቱን ባለቤት ማለቴ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን አንዴ ቅባት የነካው ካፖርት ተሰፍቶ ወጥቶ ደንበኛ ፊት ስላዋረደው፣ ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው አካባቢ የሚበላም የሚጠጣም ነገር እንዳይደርስ ከለከለ። ዳቦ የለም፣ ውሃ የለም፣ ከረሜላም የለም። ከረሜላ እጅ ያጣብቃል፣ የተጣበቀ እጅ ጨርቅ ያበላሻል ይላል። የራበው በምሳ ሰዓት ወጥቶ ይብላ ነው ሕጉ። እኛም ለጠረጴዛ ተብሎ የወጣ ሕግ ሰው ይገድላል ብለን አላሰብንም።

አንድ ቀን ምሳ ሊደርስ ሲል እታለም መቀሷን አስቀመጠችና ማከማቻው ውስጥ ገባች፣ መቀርቀሪያው ሲዘጋም ሰማን። ልብሷን ልትቀይር ይሆናል ብለን ዝም አልን። በልተን ስንመለስ ጠረጴዛው እንደተተወ ነው። ጋሼ አንኳኳ፣ ተጣራ፣ በመጨረሻ በትከሻው ገፍቶ መቀርቀሪያውን ገነጠለው። ግራጫውን ጥቅል ጨርቅ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፣ ትንሽ ልረፍ ያለች ሴት መስላ። መዳፏ ውስጥ ከረሜላ ነበር፣ ወረቀቱ አልተፈታም። ነፍሷን ይማረውና፣ ስኳር በሽታ እንደነበረባት ያወቅነው ከሞተች በኋላ ከሐኪም አፍ ነው። በየቀኑ መርፌ እየተወጋች ስንት ዘመን አብራን እንደኖረች እንጃ። ለማን ትናገር? እጇ ነው እንጀራዋ፣ ታማለች ከተባለ ጠረጴዛው ለሌላ ሰው ነው የሚሆነው።

ከዚያ ጋሼ መቀርቀሪያውን አስጠግኖ፣ ማከማቻው ባዶ ሆኖ ይታጠብ አለ። ጥቅሎቹን ስናወጣ ከኋላቸው አንድ ጆንያ ተገኘ፣ ጠረጴዛው ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ። እጅጌ ብቻ ነው። አገላብጬ አየሁት፣ አጠገቤ ያለችውም አገላበጠችው፣ ከዚያ ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን። የካፖርት ጨርቅ ወፍራም ስለሆነ ደርቦ መቁረጥ አይሆንም፣ ይንሸራተታል። መጀመሪያ አንዱ እጅጌ ይቆረጣል፣ ከዚያ የካርቶኑ ንድፍ ይገለበጥና ሌላው ይቆረጣል። መገልበጡን የረሳ ሰው ሁለት ግራ እጅጌ ይዞ ይቀራል። የጀማሪ ስህተት ነው፣ ጀማሪም ቢሆን አንዴ ከተሰደበበት አይደግመውም። ጆንያው ውስጥ ያለው ሁሉ ግራ ነበር፤ ቀኝ የሚባል አንድም አልነበረበትም። ሁሉም ላይ የእታለም የጠመኔ ምልክት አለ። ያቺ ከአዳራሹ ሁሉ እጇ የተመሰከረላት ሴት!

ካውያ ተኳሹ፣ ጥላውን የሚፈራ ሰው፣ ይሄ ለሰው የተቆረጠ አይደለም ብሎ ሁላችንንም አስበረገገን። ጋሼ ጆንያውን ጣይው አለኝ። ልጥል ወጥቼ እጄ እምቢ አለኝ። ይዤው ተመለስኩና ከመኪናዬ ሥር ከቁርጥራጭ ጨርቅ ኋላ ሸጎጥኩት።

በማግስቱ ጋሼ ሰበሰበን። ሕመም ያለበት ሰው አሁኑኑ ይንገረኝና በሰላም እንለያይ፣ ከዚህ ቤት ሁለተኛ ሬሳ አላወጣም አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ ስላዘነ ነው የተናገረው። እኛ ግን ሁላችንም በአንድ ጊዜ ጤነኛ ሆንን። ካውያ ተኳሹ በእንፋሎቱ ደረቱ እየታፈነ ሲያስለው ፎጣ አፉ ላይ ይጭናል። እኔም ዓይኔ መርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆመ ቆይቶ ነበርና ክር የማስገባው በዳሰሳ ነው። የሚያስነጥስ እንኳ ጠፋ።

ጠረጴዛው ባዶውን ከርሞ አንድ ጠዋት የእታለም ልጅ መጣች። ቀጭን ናት፣ አንገቷ እንደ እናቷ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል። ጀርባዋን ስትሰጠን አጠገቤ ያለችው ሴት እታለምን ያየች መስሏት ጣቷን መርፌ ወጋት። ልጅቷ የተጠቀለለውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። የእናቷ መቀስ ነው። ጋሼ ያንን ሲያይ ሌላ ነገር መጠየቅ አቃተው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ጤነኛ ነሽ ወይ አላት። ዓይኗን ሳትሰብር ጤነኛ ነኝ አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብሷም ጣቷም ፀጉሯም ሁልጊዜ ነጭ ብናኝ ስላለበት "ጠመኔ" አልናት።

ሥራ ትችላለች። እኔ ሰው በቀላሉ አላመሰግንም፣ ግን የእሷን እጅጌ ስገጥም ክንዱ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ያ ረጅም ድምፅም ወደ አዳራሹ ተመለሰ፣ ክርርርርት። ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ማንም ደስ አላለውም፤ ሁላችንም ስንሰማው ቀና እያልን እንተያያለን።

ስኳር እንዳለባት ያወቅኩት ሽንት ቤት ውስጥ ነው። በሩ ክፍት መስሎኝ ገፋሁት፣ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ሆዷ ላይ መርፌ ይዛለች። እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እሷ ግን አልደነገጠችም፣ ወግታ ጨርሳ መርፌውን በወረቀት ጠቀለለችው። ከዚያ ነው እጄን የያዘችኝ። "እትዬ፣ ጋሼ ካወቀ ያባርረኛል" አለችኝ። ሥራው ከሌለ መድኃኒቱ የለም፣ መድኃኒቱ ከሌለ እኔም የለሁም፣ በእናቴ ጊዜም እንዲሁ ነበር አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ከአፌ ቢወጣ አፈር ልሁን አልኳት። እሷም ሬዲዮ እንደሚሉኝ ታውቃለች መሰለኝ፣ ረዘም አድርጋ አየችኝና ሄደች።

የሚያስፈራው ነገር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ምሳ ሊደርስ ሲል፣ ሁሉም ቀን አይደለም፣ አንዳንድ ቀን፣ የመቀሱ ድምፅ ይለወጣል። ያ ረጅሙ ይቀርና ክች፣ ክች፣ ክች ይሆናል፣ አጫጭርና ደረቅ። ይህን ድምፅ ቀድሞ ሰምተነዋል። እታለም በመጨረሻዎቹ ወራት፣ በዚያው ሰዓት፣ እንዲህ ነበር የምትቆርጠው። ካውያ ተኳሹ ፊቱ አመድ መስሎ መጣና እናትየው መጥታለች፣ ከልጅቷ ኋላ ቆማ በእጇ ትቆርጣለች አለን። ሂድ ወዲያ አልኩት። በመንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም። ግን በዚያ ሰዓት ቀና ብዬ ላለማየት ብሞክርም ራሴ አልታዘዝ አለኝ፤ አንገቷ ዘንበል ብሎ፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ ስትጠራ የማትሰማ ሴት እዚያ ቆማለች። እናትየው ትሁን ልጅቷ እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ ልማድ ሆነ። ድምፁ ሲያጥር ሁላችንም እናቀረቅራለን። አንዷ ጮክ ብላ ወሬ ትጀምራለች፣ ካውያ ተኳሹ እንፋሎቱን ያስለቅቃል፣ መኪኖቹ ይጣደፋሉ። ድምፁ በጫጫታው ይሸፈናል። ጠመኔም በእኛ ጫጫታ መሀል ብቻዋን እዚያ ቆማ ትቀራለች።

አንድ ቀን ልገጥም የመጣልኝን እጅጌ ደረቱ ላይ ሳስጠጋው አልሄድ አለኝ። ገለበጥኩት፣ አሁንም እምቢ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ሁለቱም ግራ ናቸው። ጆንያው ከእግሬ ሥር ነበር፣ በእግሬ ስነካው ይታወቀኛል። ቀና ብዬ ጠመኔን አየኋት። ፊቷ በላብ ውሃ ሆኗል፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ እጇ ግን ይቆርጣል። ያን ጊዜ ገባኝ። እታለም አልመጣችም፤ የመጣው እሷን የወሰዳት ነገር ነው። አሁን ልጅቷ ጋ ነው ያለው፣ ሁላችንም አቀርቅረን መንገድ ለቀንለታል።

ቁልፍ የማመጣ መስዬ ተነስቼ ክንዷን ያዝኳትና ሽንት ቤት ወሰድኳት። ኪሷ ውስጥ ከረሜላ ነበር፣ አጎረስኳት። ጥቂት ቆይታ ዓይኗ ወደ ቦታው ሲመለስ ማን እንደሆንኩ ለየችኝ። ማታ ሌሎቹ ሲወጡ ጆንያውን አሳየኋት። አንዱን እጅጌ አነሳች፣ ምልክቱን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ሌላውን አነሳች፣ ሌላውን። "ሁሉም ግራ?" አለች። አንዱን ክንዷ ላይ ጠቀለለችው። እቤትም እናቴ ዕቃ መሀል እንዲህ ያለ አግኝቼ፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር አለችኝ።

ስኳሬ ሲወርድ እጄ ይሠራል፣ እኔ ግን የለሁም አለችኝ። እጄ የለመደውን ይቆርጣል፣ መገልበጡን ግን የማስበው እኔ ነኝ፣ እኔ ከሌለሁ የሚገለብጥ የለም። ስትነቃ ጨርቁ ተቆርጦ ታገኘዋለች፣ ማን እንደቆረጠው አታውቅም። አንዳንዴ እውነትም እናቴ ትሆን እላለሁ አለች፣ ይህን ስትል ግን ፈገግ ማለት አልቻለችም። ለጋሼ እንንገረው አልኳት፤ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ልጅት፣ ብትሞቺማ ነው የምፈራው ብዬ ተቆጣኋት። ምሳ ሳይደርስ ሹልክ ብላ ሽንት ቤት እየበላች ልትመለስ ተስማማን፤ ያኔ የተሻለ መላ አልመጣልንም።

ብርዱ ሲገባ ትእዛዝ በዛ። አንድ ጠዋት ጋሼ የሚጣደፍ ደንበኛ ይዞ መጥቶ ከጠረጴዛው አልነቃነቅ አለ። ደንበኛው ይጠይቃል፣ ጋሼ ያስረዳል፣ ጠመኔ መሀላቸው ቆማ ትቆርጣለች። ንቅንቅ የምትልበት ቀዳዳ አልነበረም። አንዴ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፣ እኔም በዓይኔ ወደ ሽንት ቤቱ አመለከትኳት፣ እሷም አልችልም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ደንበኛው ሲሄድ ጋሼ ሊሸኘው ወጣ። ድምፁ ያን ጊዜ አጠረ መሰለኝ፣ መሰለኝ የምለው ስላልሰማሁት ነው። ካውያ ተኳሹ እንፋሎቱን ለቀቀው፣ ሴቶቹ ጮክ አሉ፣ መኪኖቹ ተጣደፉ። እኔ ብቻዬን ጆሮዬን ባቆም ምን ይሰማል?

የተቆረጠው ክምር በእጅ በእጅ እየተቀባበለ እኔ ጋ ደረሰ። የላይኞቹን ሁለት እጅጌዎች ዘረጋሁ። ሁለት ግራ። ቀና ስል ጠረጴዛው ባዶ ነው፣ መቀሱ ተከፍቶ ተቀምጧል፣ የማከማቻው በር ተዘግቷል።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ወንበሬን ገልብጬ ነው የሄድኩት። ገፋሁት፣ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጠመኔ ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ከውጭ ሲመለስ ጩኸቴን ሰምቶ ሮጦ መጣና እጁን በሩ ላይ አሳረፈ። አሳረፈና ቆመ። አልገፋም። ከበሩ ወዲያ የሚያየው እታለምን እንደሆነ ከፊቱ አወቅኩ፤ እጁ እዚያው ቀረ። ግፋው አልኩት፣ ሰደብኩትም መሰለኝ። ያን ጊዜ ከኋላችን ካውያ ተኳሹ፣ ጥላውን የሚፈራው ሰውዬ፣ እየሳለ መጥቶ በሩን በመላ አካሉ መታው። በሁለተኛው ምት መቀርቀሪያው ተገነጠለ።

ጥቅሉ ሌላ ነው፣ ቦታው ግን ያው ነው። ተደግፋ ቁጭ ብላለች። መዳፏ ውስጥ ወረቀቱ ያልተፈታ ከረሜላ አለ። ከኋላዬ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ጉንጯን ስነካት ግን ላብ ነው፣ ሙቀት አለው፣ ዓይኗም ይርገበገባል። ወረቀቱን በጥርሴ ፈታሁት፣ ግን ከረሜላ እንዳያንቃት ፈራሁ። ካውያ ተኳሹ ከጥጉ ፔርሙሱን ይዞ መጣ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ ነው፣ ለሳሉ የሚደብቀው። ጠብ ጠብ እያደረግኩ ከንፈሯን አስነካኋት። ዋጠች። ደግማ ዋጠች። ጋሼ በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

ቀስ በቀስ ወደ እኛ ተመለሰች። መጀመሪያ ያለችው ነገር "ገለበጥኩት?" ነው። አልገለበጥሽውም የኔ ልጅ አልኳት፣ አለቀስኩም።

ጋሼ ያኔ ነው የተናገረው፣ ድምፁ የእሱ አይመስልም። "ቤትሽ ሂጂ። ነገ አትምጪ" አላት።

እሷ ገና ወለሉ ላይ ናት፣ መነሳት አልቻለችም። ቀና ብላ አየችው። "እሺ፣ እሄዳለሁ። ሌላ ቤት እገባለሁ" አለች። "እዚያም ጤነኛ ነኝ እላለሁ። እዚያም የሚዘጋ በር አይጠፋም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ጋሼ፣ እናቴ የሞተችው ከረሜላ ልትበላ በር ዘግታ ነው።"

ጋሼ መዳፏን አየ፣ እኔ በጥርሴ የፈታሁትን ወረቀት አየ፣ ዞሮ ሄደ። የሠራችበትን ገንዘብ ሊያመጣላት ነው ብዬ ደሜ ፈላ፣ የምለውንም ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ሲመለስ የያዘው ካቻቢቴ ነው። በሩ ሥር ተንበርክኮ የማጠፊያውን ብሎን መፍታት ጀመረ። ብሎኑ ዝጎ ስለነበር እጁን አቆሰለው፣ እሱ ግን ቀጠለ። የታችኛውን ፈታ፣ የላይኛውን ፈታ፣ በሩን ተሸክሞ አውጥቶ ውጭ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከዚያ ጠመኔን ሳያያት አለፈና መኪናዬ አጠገብ ሲደርስ፣ ለእኔ የሚናገር መስሎ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ለሚበላው ነገር መደርደሪያ እንደሚመታ ነገረኝ፤ ብቻ ቅባት ያለው ነገር እንዳይሆን።

እንዲህ ሆነና ጠመኔ ሥራዋ ላይ ቀረች። አሁን እኛ ሴቶቹ ልብስ የምንቀይረው ከገበር ጨርቅ በሰፋሁት መጋረጃ ኋላ ነው። ካውያ ተኳሹ ደረቱ እንደሚታፈን ተናገረ፣ መስኮት ተከፈተለት። እኔም መነጽር አደረግኩ፣ ለካስ እነዚህ ሰዎች እንዲህ አርጅተዋል! አንድ ልማድም አበጀን። ጠመኔ አንዱን እጅጌ ቆርጣ ንድፉን ስታዞር ጮክ ብላ "ገለበጥኩ" ትላለች፣ እኛ ከመኪናችን "እሺ" እንላለን። ድምፁ ካጠረና ቃሉ ካልመጣ ቅርብ ያለው ሰው ተነስቶ ያጎርሳታል። አዲስ የመጣ ሰው ያበድን ይመስለዋል። በሽታው ግን አልሄደም፣ እንዳታስቡ። አንዳንድ ጠዋት ተጨምቆ የተሰጣ ልብስ መስላ ትመጣለች፣ አንዳንድ ቀን ሐኪም ቤት ትውላለች፣ አንድ ቀንም ዓይኗ ጭጋግ ሆኖባት ሥራዋን ለሌላ ቀን ትታለች። ጠረጴዛው ግን የእሷ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ካላመናችሁ አልቀየምም። ሐኪም ቤት የሄደችበት ቀን ነበር። መቀሱ እንደ ወትሮው ከእሷ ጋር ቤት ገብቷል፣ ጠረጴዛው ላይ የጠመኔ ቁራጭ እንኳ የለም። ምሳ ሊደርስ ሲል ሰማነው። ክች፣ ክች፣ ክች። አጠገቤ ያለችው መኪናዋን አቆመች፣ ቀጥሎ ያለችውም፣ ቀጥሎ ያለችውም፣ እስከ መጨረሻው። ካውያ ተኳሹ እጁ እንፋሎቱ ላይ ነበር፣ ግን አለቀቀውም። ያን ቀን ማንም አላቀረቀረም። ሁላችንም ቀና ብለን ባዶውን ጠረጴዛ አየነው፣ ድምፁም ቀጠለ፣ ልክ በዚያች ሴት እጅ ፍጥነት። ፍርሃት ነበረብኝ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ኀዘኑ በለጠብኝ፤ ይህች ሴት ስንት ጊዜ እዚያ ቆማ ግራ በግራ ስትቆርጥ አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰላትም።

"እታለም" አልኳት፣ "ገልብጪው። አሁን ብዪ።"

ድምፁ ቆመ። ከዚያ ጋሼ ከጥጉ ተነስቶ መጣ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ አንድ ከረሜላ አውጥቶ ጠረጴዛው መሀል ላይ አስቀመጠና ወደ ቦታው ተመለሰ። እኛም ወደ ሥራችን ተመለስን።

በማግስቱ ጠመኔ መጣች። መቀሷን ፈታች፣ ከረሜላውን አየችው፣ ማን እንዳስቀመጠላት ጠየቀች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ መቼም ሬዲዮ ነኝና። አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እሷም ትከሻዋን ነቀነቀችና ወረቀቱን ፈትታ ከረሜላውን ጎረሰችው፣ ንድፉንም ጨርቁ ላይ ዘረጋችው።